ሰማንያው ቀን እንዳለ ይጻፍ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣
አዳማ

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «አምጬ የወለድኳትን፣ ልጅሽ መሆኗን አስረጂ ይሉኛል?» ብለሽ ስታለቅሺ መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

ከአሜሪካ ኢሚግሬሽን የመጣው ደብዳቤ እምቢታ አይደለም። አንቺን ወደዚህ ለማምጣት ባስገባሁት አይ-130 በሚባለው የቤተሰብ ማመልከቻ ላይ ተጨማሪ ማስረጃ ነው የጠየቁት። የተወለድኩት በ1978 ዓ.ም. ሆኖ የልደት ምስክር ወረቀቴ የወጣው በ2012 ነው። ከ34 ዓመት በኋላ የተጻፈ ወረቀት ብቻውን አይበቃቸውም። በአገራችን ልደት በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረው በ2008 መሆኑን እኔ እጽፍላቸዋለሁ።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። መመሪያቸው የሚጠይቀው ልጁ በተወለደ በሁለት ወር ውስጥ የተጠመቀበትን የክርስትና ወረቀት ነው። ወንድ ብሆን በአርባ ቀኔ እጠመቅ ነበርና ይበቃኝ ነበር። ሴት ሆኜ በሰማንያ ቀኔ ተነሣሁ። ያ ጉዳይ አስፈጻሚ «በአርባ ቀን ብለን እናስጽፈው» ማለቱን ስትነግሪኝ ደነገጥኩ። እማዬ፣ በእመቤታችን ይዤሻለሁ፣ እንዳታደርጊው! አንድ የሐሰት ቀን ከተገኘ እውነተኛውንም ሁሉ ይዞት ይጠፋል። ደብሩ እንዳለው ይጻፍ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ እንደምትጠመቅ ማብራሪያውን አያይዛለሁ።

ይልቅ የክርስትና እናቴና ያዋለዱሽ ጎረቤታችን የምስክርነት ቃል ይስጡልኝ። «ልጇ ናት፣ እናውቃለን» ማለት ብቻ አይበቃም። የት ቤት እንደተወለድኩ፣ በዚያ ሌሊት ፋኖሱን ማን እንደያዘ፣ ውኃውን ማን እንዳፈላ፣ በዓይናቸው ያዩትን ሁሉ ይናገሩ። የራሳቸው የትውልድ ቀንና ቦታ፣ አድራሻቸውም ይግባበት።

ከዳዊትሽ መካከል አጥፈሽ ያስቀመጥሽውን የክትባት ካርዴንም አውጪው። የትምህርት ቤት ወረቀቶቼ የያዙት የአባዬን ስም ብቻ ነው፤ ነፍሱን ይማርና። ያንቺ ስም ያለው በዚያ ካርድ ላይ ነው። ጫፉ ተቀድዷል ብለሽ በፕላስቲክ አታስለብጪው። «ናዝሬት» የሚለውንም ማንም እንዳይነካው፤ ናዝሬትና አዳማ አንድ ከተማ መሆናቸውን እዚህ አስረዳለሁ።

ትርጉሙን ለእኔ ተዪው። መልሱን የምልከው በአንድ ጊዜ ነው፤ ከፊሉን ብልክ የቀረውን ሳይጠብቁ በያዙት ይወስናሉ። ቢበዛ የሚሰጡት 84 ቀን ነው፣ ማራዘሚያም የለውም። ስለዚህ ከደብረ ታቦር በፊት እጄ ይግባ። ይህም ካላረካቸው የዲኤንኤ ምርመራ ሊያነሡ ይችላሉ፤ አትፍሪ፣ ጉንጭሽን ከውስጥ በጥጥ ማስነካት ነው እንጂ መርፌ የለውም።

ዋናዎቹን ከመላክሽ በፊት እህቴ እያንዳንዱን ከፊትም ከጀርባም ፎቶ ታንሣልኝ። የክርስትና እናቴንም ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ልጅሽ