የጉልበት ውድድር ከሚዛን ይጀምር

ለተከበረው የጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

በባሕር ዳር ጂሞች ብረት የሚገፉ ወጣቶች ድንጋይ፣ ግንድና የመኪና ጎማ ወደ ማንሳት ማዘንበላቸው የሚያስደስት ነው። የሚያሰጋኝ ግን ውድድሩ በዓይን ግምት እንዳይካሄድ ነው። ለአዘጋጆቹ ይጠቅማል ያልኩትን እንድታወጡልኝ እጠይቃለሁ።

ከድንጋዩ ልጀምር። በዓለም አቀፍ ውድድር «የአትላስ ድንጋይ» የሚባለው የኮንክሪት ኳስ ነው። ከዳር እስከ ዳር 43 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነው 100 ኪሎ ይመዝናል። በእኛ አካባቢ የሚገኘው ጥቁር ድንጋይ ግን ቀዳዳ ከሌለበት በዚያው መጠን ከ120 ኪሎ ያልፋል። ሁለቱን «እኩያ ናቸው» ብሎ ማሰለፍ ከባዱ የደረሰውን ልጅ መበደል ነው። የእህል ነጋዴ ሚዛን ይበቃል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ በተወዳዳሪዎች ፊት ተመዝኖ ኪሎው በቀለም ይጻፍበት። ኮንክሪት የሚያዘጋጁም አይቸኩሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ውኃ እየጠጣ፣ በጠቅላላው 28 ቀን ይቆይ፤ ቶሎ የወጣ ኳስ ገና በመጀመሪያው ውድቀት ይሰነጠቃል።

አነሳሱም ይታወቅ። ድንጋዩ በሁለቱ ቁርጭምጭሚት መካከል ይሆናል፣ እጅ ከሥሩ ይገባል፣ ክንድ እንደ ገመድ ተወጥሮ ይቀራል። ጭን ላይ ካሳረፉት በኋላ ከላይ አቅፎ ዳሌን ወደፊት በመግፋት መቆም ነው። የክንድ ጅማት የሚበጠሰው በአብዛኛው በታጠፈ ክንድ ለመሳብ ሲሞከር ነው። ጎማ ሲገለበጥም አደጋው ይኸው ነው፤ ደረት ተጠግቶ በእግር መግፋት ሲገባ ብዙዎች በክንዳቸው ያነሱታል። ጀማሪ በበዛበት ውድድር ጎማው ቢቀር እመርጣለሁ። እጅ እንዳይንሸራተት የሚቀባው ነጭ ዱቄት ደግሞ ማግኒዥየም ካርቦኔት ነው። በምንም ምክንያት ኖራ አይተካበት፤ በላብ ሲርስ ቆዳ ያቃጥላል።

ግንድ ከራስ በላይ ማንሳት ለአፍሪካውያን ባዕድ አይደለም። የቡርኪና ፋሶው ቼክ ሳኑ፣ «አይረን ቢቢ»፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ግላስጎው ላይ 229 ኪሎ አንስቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሯል። እኛ ዘንድ ባሕር ዛፍ ሞልቷል፤ ነገር ግን እርጥቡ ግንድ እየደረቀ ሲሄድ ኪሎው ይቀንሳል፣ ይሰነጠቃልም። ስለዚህ በውድድሩ ዕለት ጠዋት እንደገና ይመዘን። መያዣዎቹ ከመሃሉ እኩል ካልራቁ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል።

ሸክም ይዞ ለመራመድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚመርጡ አሉ። ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ፣ ደረቅ አሸዋ ሲሞላ ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ጎደል ያለ ውኃ ግን እየተላተመ ያንገዳግዳል፤ ቀጭኑ እጀታም ጉልበት ሳያልቅ ጣት ይቆርጣል። ብየዳ ቤት የቧንቧ እጀታ ያለው የብረት ፍሬም ማሠራት ይሻላል።

ቅደም ተከተሉም ይታሰብበት። ግንዱ ትከሻና ወገብ ሳይደክም ይቅደም፣ ድንጋዩ የመጨረሻ ይሁን። በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ትንፋሽ ቶሎ አይመለስምና በመካከል ቢያንስ 10 ደቂቃ እረፍት ይሰጥ።

መኪና መጎተት ካለ፣ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ፣ እግሩን ከፍሬኑ ሳያርቅ መሪው ላይ ይቀመጥ። በየ100 ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ ከፍ የሚል መንገድ ለ5 ቶን መኪና 50 ኪሎ ያህል ተጨማሪ ጉተታ ይጠይቃል፤ ተወዳዳሪዎች ሁሉ በአንድ መስመርና በአንድ አቅጣጫ ይጎትቱ።

አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር