የኮምፒውተር ክበብ፦ አንድ ቤተሰብ፣ ሁለት ስልክ

ዘንድሮም ረቡዕ ረቡዕ ተሰብስበናል። ሊቀመንበር መርጠናል፣ ቃለ ጉባኤው ቢሮ አለ። እሱን ልለፈው።

«የኮምፒውተር ክበብ ጌም መጫወቻ ነው» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። የፈተና መራዘም፣ የስብሰባ ጥሪ በስልካችሁ የደረሳችሁ ወላጆች ግን የማን ሥራ እንደሆነ እወቁልን። መተግበሪያውን የሠሩት የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ልጆች ናቸው።

አጀማመራችን አላማረም። ኅዳር ላይ «ስብሰባው ተራዝሟል» ብለን ላክን። አንዲት እናት ጉሊታቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው መጡ። ግቢው ጭር ብሏል። «ምንም አልደረሰኝም» አሉ። እኛ ጋ «ተልኳል» ይላል።

ልጆቹ ሁለት ሳምንት ለፉበት። መተግበሪያው ስልክ ላይ ሲጫን መልእክቱን የሚያደርስልን የጉግል አገልግሎት፣ ፋየርቤዝ፣ ቶከን ይሰጠዋል፤ ረጅም፣ ዝብርቅርቅ ያለ የፊደልና የቁጥር ጥርቅም። መልእክቱ የሚሄደው ወደ ሰውየው ሳይሆን ወደዚያ ቶከን ነው። እኛ ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ አንድ የቶከን ቦታ ብቻ ሰጥተን ኖሯል። አባትየው በራሳቸው ስልክ ሲገቡ የእናትየው ተደመሰሰ። አሁን እያንዳንዱ ስልክ የራሱ መስመር አለው፦ ቶከኑ፣ የማን እንደሆነ፣ መጨረሻ የታየበት ቀን።

ቅዳሜ አራት ልጆች ይዤ ጉሊቱ ድረስ ሄድኩ። ስልኩ ከመቀነታቸው ወጣ፤ መስታወቱ ስንጥቅጥቅ ብሏል። የ10ኛ ክፍሏ ልጃችን ላፕቶፑን የሽንኩርት ጆንያ ላይ አስቀምጣ ላከች። የእናትየው ስልክ ጮኸ። ወዲያው ባልየው ከሥራ ቦታ ደወሉ፤ ለእሳቸውም ደርሷል። እናትየው ልጅቷን አዩዋትና «እና እስከ ዛሬ ወዴት ነበር የሚሄደው?» አሏት። «እሳቸው ጋ ብቻ፣ እትዬ» አለች አንገቷን ደፍታ። ሳቁባት። ቲማቲም መርቀው ካልሰጠሁ አሉ። እኔ ወደ መንገዱ ዞር አልኩ፤ አቧራ ዓይኔ ገብቶ ነው።

ሌላም ጥፋት አለብን። አንድ አባት ከመተግበሪያው ሳይወጡ ስልካቸውን ለወንድማቸው ልጅ ሰጡ። የልጃቸው መቅረት ለጎረምሳው ተነገረ። አሁን «ውጣ» ሲባል ቶከኑ አብሮ ይጠፋል። ፋየርቤዝ «ይህ ቶከን የለም» ብሎ ሲመልስም እንሰርዘዋለን።

ጭቅጭቁ የጠነከረው ቶከን ስንት ቀን ካልታየ ይሰረዝ በሚለው ላይ ነው። የእኛ መተግበሪያ ቀኑን የሚያድሰው ሲከፈት ነው። አንዱ ልጅ 30 ቀን አለ። ሊቀመንበሯ «ክረምቱንስ? ሐምሌና ነሐሴ ማን ይከፍተዋል? መስከረም ላይ ወላጅ በሙሉ ሊጠፋ ነው!» አለች። ጉግል ራሱ አንድሮይድ ላይ 270 ቀን ይታገሣል፤ በዚያው ተስማማን።

አይፎን ያላችሁ ወላጆች ታገሡን። አፕል መተግበሪያ ሠሪዎችን የሚያስከፍለው የገንቢ ክፍያ በዓመት 99 ዶላር ነው። ፋየርቤዙ መልእክት ለመላክ አያስከፍለንም፤ ኢንተርኔቱ ግን ከእኔ ስልክ ነው። የትምህርት ቤቱ በር ቀለም ግን ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ታድሷል፤ ያምራል፣ አልካድኩም።

ለሙከራ ሁለት አንድሮይድ ስልክ እንፈልጋለን። አሮጌም ቢሆን፣ የተሰነጠቀም ቢሆን እንቀበላለን። ከመስጠታችሁ በፊት ግን፣ አደራ፣ «ውጣ» የሚለውን ንኩት።