ከለገሃር ወዲያ ያሉትን ጣቢያዎችም አስቧቸው

ሰላም ለዝግጅት ክፍላችሁ፣

ባለፈው ስለ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ያወጣችሁትን ጽሁፍ ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ ስራ ቦታዬ እዛው ለገሃር ነው፣ ጠዋት ጠዋት ከታክሲ ወርጄ የማልፈው በጣቢያው ፊት ለፊት ስለሆነ ነገሩ ይነካኛል። ጽሁፉ ጥሩ ነው፣ በጣቢያው ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ለኃይለ ሥላሴ ንግስና በዓል ቆሞ ጣልያን ሮም ወስዶት እንደተመለሰ፣ ህንጻው ራሱ በ1922 ዓ.ም እንደተመረቀ፣ ከዛ በፊት ግን ባቡሩ በ1909 እዚህ እንደደረሰ ሁሉንም በደንብ አስቀምጣችኋል። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው፣ አንብቤ ስጨርስ ባቡሩ ለገሃር ተጀምሮ ለገሃር ያለቀ ነው የመሰለኝ። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ 784 ኪሎሜትር ሀዲድ እኮ ነው! በመሀል ያሉት ትንንሽ ጣቢያዎች የት ገቡ?

እኔ ያደግኩት አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው፣ ጣቢያው ስር፣ የምድር ባቡር ሰራተኞች ቤት ውስጥ። አባዬ ሀዲድ ቀያሪ ነበር፣ ባቡር ሲመጣ መስመሩን አዙሮ በዚህ ግባ በዛ ውጣ የሚለው እሱ ነው፣ ማታ ሲሆን ደግሞ ቀይና አረንጓዴ መስታወት ያለው ፋኖስ ይዞ ይቆማል። ልጅ ሆነን እንቅልፍ እምቢ ሲለን እማዬ ተረት ትነግረናለች፣ አባዬ ግን ተረት አያውቅም፣ ጣቢያዎቹን ነበር በተራ የሚቆጥርልን፣ ለገሃር፣ አቃቂ፣ ዱከም፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ ወለንጪቲ፣ መተሃራ፣ ሲል ሲል አዋሽ ላይ ድምጹን ከፍ ያደርግና ከዛ አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር እያለ ድሬዳዋ ሳይደርስ እንቅልፍ ይወስደናል። እስካሁን በቃሌ ነው የምላቸው።

አዋሽ ለምን እንደዛ አይነት ጣቢያ እንደነበራት ብዙ ሰው አያውቅም። በድሮ ጊዜ ባቡሩ ማታ አይሄድም ነበር፣ ቀን ብቻ ነው የሚጓዘው፣ ስለዚህ ከጅቡቲ የተነሳ ሰው አዲስ አበባ የሚገባው በሶስተኛው ቀን ነው፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ያድራል። ታዲያ በዛን ጊዜ በረሃ መሀል ያን ሁሉ መንገደኛ ምን አብልተህ የት ታስተኛዋለህ? ለዛ ነው ከጣቢያው ጋር ቡፌው የተሰራው፣ ቡፌ ዳዋሽ የሚባለው፣ አልጋም ምግብም ያለው፣ ግሪኮች ያስተዳድሩት የነበረ። ነጋዴው፣ ዲፕሎማቱ፣ ሚሲዮናዊው፣ በእንግድነት ቤተመንግስት የሚሄደው ሁሉ እዛ አድሮ ነው ጠዋት ሽቅብ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው። ሽቅብ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም፣ አዋሽ ቆላ ናት፣ ለገሃር ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ያ የእንፋሎት ባቡር ያን ሁሉ ዳገት ሲወጣ ውሃውን ይጠጣዋል፣ ናፍጣ ባቡር እስኪመጣ ድረስ በየጣቢያው ቆሞ ውሃ ሳይሞላ መሄድ አይችልም ነበር። ዛሬ ትንሽ ከተማ የምንላቸው ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት የቆሙ ናቸው፣ ባቡር ውሃ ስለሚፈልግ፣ ሰራተኛው ቤት ስለሚፈልግ፣ ተሳፋሪው ምግብ ስለሚፈልግ። ድሬዳዋ ራሷ እኮ በ1895 ሀዲዱ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ ታች ሜዳው ላይ ቀርታ የተፈጠረች ከተማ ናት።

በኋላ ሊቶሪና የሚባለው ፈጣን የተሳፋሪ ባቡር መጣና መንገዱ አጠረ፣ አዋሽ ማደር ቀረ፣ ቡፌው ግን ምሳ ቤት ሆኖ ቀጠለ። እኔ የማውቀው ይሄንን ጊዜ ነው። የባቡሩ ፊሽካ ከሩቅ ሲሰማ ከተማው በሙሉ ወደ ጣቢያው ይወርዳል፣ የሚሄድም የማይሄድም፣ የአፋር እናቶች ወተት ይዘው፣ የኛ ሰፈር ሴቶች የተቀቀለ እንቁላል በሳህን ይዘው፣ እኛ ልጆች ቀዝቃዛ ውሃ በጣሳ ይዘን በፉርጎው መስኮት ስር እንሮጣለን፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ከኛ የባሰ ተጠብሷል፣ ስለዚህ ውሃ አያድርም። የጣቢያው ሹም (ሸፍ ደጋር ነበር የምንለው) ደወሉን እስኪደውል ድረስ ነው ንግዱ። ትኬቷን ታስታውሳላችሁ? የጣት ርዝመት ያላት ወፍራም ካርቶን ነበረች፣ ሲቆርጧት ጠርዟ ላይ ይነክሷታል፣ ከመሬት እየለቀምን በጫማ ካርቶን እናጠራቅም ነበር፣ ያኔ እቃ እቃ መጫወቻ ነው፣ ዛሬ አንዷ ብትገኝ ሙዚየም የምትቀመጥ ናት።

በዚህ መስመር ደስታ ብቻ አልነበረም። ጥር 1977 ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር አዋሽ አጠገብ ድልድዩ ያለበት ኩርባ ላይ ፍጥነት ሳይቀንስ ገባና ፉርጎዎቹ ገደል ወደቁ፣ ከ400 በላይ ሰው ሞተ፣ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች በጣም ከከፉት አንዱ ነው። እኔ ያኔ ዘጠኝ አመቴ ነው። አባዬ ሶስት ቀን ቤት አልመጣም፣ ሲመጣም ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ፣ እማዬ ናት ጎንበስ ብላ ማሰሪያውን የፈታችለት። ከዛ በኋላ ጣቢያዎቹን ሲቆጥርልን አዋሽ ላይ ድምጹን ከፍ ማድረጉን ተወ። ስለ አደጋው አንድም ቀን አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅነውም፣ እሱም ይሄው ካረፈ ስድስት አመት ሆነው። አሁን ነው የሚቆጨኝ።

ይሄን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚህ ነው። የለገሃር ታሪክ ድንጋይ ላይ አለ፣ ህንጻው አለ፣ አንበሳው አለ፣ ታክሲው ራሱ "ለገሃር ለገሃር" እያለ በፈረንሳይኛ ስሙ ይጠራዋል፣ የቀላል ባቡሩ ፌርማታ ሳይቀር ስሙን ይዟል። የአፍደም ታሪክ ግን የት አለ? የወለንጪቲ? አንዱ ጡረተኛ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው፣ እነሱም ደግሞ እያለፉብን ነው። አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ መሄዱን ካቆመ ራሱ አስራ ምናምን አመት አልፎታል፣ ስለዚህ በዛ መስመር የመጨረሻ ሆነው የሰሩት ሰዎች እንኳን ዛሬ ሸምግለዋል።

አዲሱ ባቡር መጥቶ የለ የሚል ይኖራል። መጥቷል፣ በ2009 ተመርቆ በ2010 ስራ ጀምሯል፣ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ አዋሽም ጣቢያ አላት፣ በቱርክ ኩባንያ የተሰራው ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው ሀዲድም የሚነሳው ከአዋሽ ነው፣ በዚህ ደስ ይለኛል። ግን አዲሶቹ ጣቢያዎች ብዙዎቹ ከከተማ ወጣ ብለው ነው የተሰሩት፣ እዚህም ለቡ ነው፣ አዳማም ከከተማው ውጪ ነው፣ ለፈጣን ባቡር ቀጥ ያለ ሰፊ ቦታ ያስፈልጋል፣ ይገባኛል። ግን አሮጌው ጣቢያ ገበያው መሀል ነበር፣ እንቁላል የያዘች ሴት ከጓዳዋ ወጥታ በአምስት ደቂቃ የምትደርስበት። ያን አይነት ጣቢያ ምን እንደነበረ፣ ማን እንደሰራበት፣ ምን እንደተሸጠበት ካሁኑ ካልጻፍነው ልጆቻችን ጣቢያ ማለት ሁልጊዜም ከከተማ ውጪ የነበረ ነው የሚመስላቸው።

ባለፈው ጥቅምት ልጆቼን ይዤ አዋሽ ሄጄ ነበር። ቡፌው ግቢ ጥላው ስር ቁጭ ብለን ስፓጌቲ በላን፣ ቦገንቪሊያው አብቧል፣ ከዛ ሀዲዱ ላይ ሄድን፣ በብረቶቹ መሀል ሳር በቅሏል። ትንሿ ልጄ ብረቱን እየረገጠች "ይሄ ወዴት ነው የሚሄደው" ስትለኝ በአንድ በኩል ጅቡቲ በሌላ በኩል እኔ ቢሮ አጠገብ አልኳት፣ አላመነችኝም፣ እዛ የቆመችበት ብረት እኔ በየቀኑ የማልፍበት ለገሃር ድረስ ይሄድ እንደነበረ ለማስረዳት ስልኬን አውጥቼ ካርታ ማሳየት ነበረብኝ።

እናንተን የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የምድር ባቡር ጡረተኞችን ፈልጉና አናግሩ፣ ለገሃር አካባቢ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ታገኟቸዋላችሁ፣ ፈረንሳይኛ እየቀላቀሉ የሚያወሩትን ሽማግሌዎች ጠጋ ብላችሁ ጠይቁ፣ በየሳምንቱ አንድ ጣቢያ አንድ ሰው ብታወጡ አመት ሳይሞላ መስመሩ በሙሉ ይጻፋል። ሁለተኛ፣ የለገሃርን ህንጻ ለመንከባከብ ኃላፊነት ላለበት አካል በናንተ በኩል ይድረስልኝ፣ ከውስጥ አንዱ ግድግዳ ላይ የጣቢያዎቹ ስም በሙሉ ከለገሃር እስከ ጅቡቲ በተራ ይጻፍ፣ አዋሽ ጋ ሲደርስ ደግሞ ጥር 1977 ተብሎ የሞቱት ሰዎች ይታወሱ።

የአባዬ ፋኖስ እኔ ጋ ነው፣ አረንጓዴው መስታወት ተሰንጥቋል፣ ቀዩ ደህና ነው። ግድግዳው ሲጻፍ ከስሩ የሚቀመጥበት ቦታ ካለ ይዤው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የአዋሽ ልጅ፣ ከለገሃር