የአንኮበርን የኮረብታ መንገድ በልግ ሳይቀድመን እንጠግን

አንኮበር ያደጋችሁ ሁሉ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከገበያው ተነስቶ የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ ይወጣል፣ አናቱን ይዞራል፣ ከዚያ በጀርባ በኩል በገብስ ማሳዎቹ መሃል ወርዶ መልሶ ከተማ ያገባል። ተረጋግቶ ለሚሄድ ሰው ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ልጅ ከሆነማ ሮጦ ይጨርሰዋል። ይህ መንገድ አሁን በጀርባው በኩል ተበጥሷል። እንድታግዙን ነው የምንጽፍላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከላይ የሚወርደው ጎርፍ የድሮውን የድንጋይ ካብ ከሥሩ ሲቦረቡረው ቆየና ባለፈው ክረምት አንዱን ጥግ ይዞት ሄደ። አሁን እዚያ የቀረው አንድ እግር የምታስቆም ጠርዝ ናት። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው የሚንሸራተት አፈር። ጀሪካን ያዘለች ሴት ፊቷን ወደ ዳገቱ አዙራ፣ ሣር ጨብጣ፣ ጎን ለጎን እየረገጠች ነው የምታልፈው። አህያ ከነጭነቱ አያልፍም። ጭነቱ ይወርዳል፣ ሰው ተሸክሞ ያሻግረዋል፣ ከዚያ እንደገና ይጫናል። በገበያ ቀን ወረፋ ሁሉ አለ። እስካሁን እየተሳሳቅን አልፈናል፤ እንዲህ ከቀጠለ ግን አንድ ሰው መውደቁ አይቀርም።

«ለቱሪስት ብላችሁ ነው?» የሚለን አለ። ቱሪስትማ በእነዚህ ዓመታት በጸጥታው ምክንያት እምብዛም የለም። ሲመጣ ደስ ይለናል። በየቀኑ የሚመላለስበት ግን ውሃ ቀጂው፣ ተማሪውና ቤተ ክርስቲያን ሳሚው ነው። ቅድሚያ ለራሳችን ነው የምንሠራው።

እንግዳው የሚወደውም ያንኑ መንገድ ነው። ኮረብታው ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ላየ ሰው ደጋው እግሩ ሥር በአንዴ ያልቅና የአፋር ቆላ ይዘረጋለታል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እዚህ የተቀመጡት ለእይታው ብለው አይመስለንም። ያኔ ከታጁራ ወደብ ይመጣ የነበረው ሲራራ ነጋዴ ከታች አልዩ አምባ ገበያ ደርሶ ነበር ዳገቱን የሚወጣው፤ ከላይ የተቀመጠ ደግሞ የሚመጣውን ያያል። በ1833 ዓ.ም. የመጣው የካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድንም ያንኑ ዳገት ነው የወጣው። ምኒልክም ወደ እንጦጦ እስኪዞሩ ድረስ ከመናገሻዎቻቸው አንዱ ይሄው ነበር። ከጥንቱ ቤተ መንግሥት የቀረው የግንብ ቁራጭ ነው። ወፍ የሚወድ ሰው ደግሞ በከተማችን ስም የተጠራችውን የአንኮበር ሴሪንን ገደሉ ላይ ይፈልጋል። ጭላዳን መፈለግ አያስፈልግም፤ ገብሱ ሲደርስ ራሱ ይመጣል።

ከዚህ በፊት አንድ ድርጅት መጥቶ ታፔላ ተክሎ፣ ፎቶ ተነስቶ ሄዷል። ታፔላው እስካሁን አለ። ስለዚህ «ስንቱ ገንዘብ ሰብስቦ የት አደረሰው?» ብትሉ አንቀየምም።

አሁን የሚሠራው ይህ ነው። መጀመሪያ ከተቆረጠው ቦታ በላይ ጎርፉን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ይቆፈራል። ቀጥሎ የተቦረቦረው ጥግ በጋቢዮን (ድንጋይ በሚሞላ የሽቦ መረብ) ይታሰራል፣ በላዩ ካብ ይካባል፣ ቁልቁለቱ ላይ የድንጋይ ደረጃ ይገባል። መቀመጫ ይሠራ፣ ዳስ ይጣል፣ በር ይቁም የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ይቆይ ብለናል። ውሃው መሄጃ ካልተበጀለት የሠራነው ሁሉ በሚመጣው ክረምት ተጠርጎ ይሄዳል። ከቦይው ግርጌ ባሕር ዛፍ ሳይሆን ጽድና ወይራ እንተክላለን። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የመናገሻ ጫካ ዘሩ የሄደው ከእኛው ጎረቤት ከወፍ ዋሻ ደን ነው ይባላል። ችግኝ ከሩቅ መለመን ያሳፍረናል።

ድንጋዩ ከዚሁ ነው፣ አይገዛም። ጉልበቱም በደቦ ተይዟል፤ ወጣቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊወጡ ቃል ገብተዋል። (በዓሉ የበዛበት ወር ሲሆን የሥራ ቀን መቁጠር ራሱ ሥራ ነው።) እናቶች ዳቦና ጠላ ችለዋል። የጎደለን በብር የሚገዛው ነው፦ ሲሚንቶ፣ የጋቢዮን ሽቦ፣ በመኪና የሚመጣ አሸዋ፣ የአንድ ግንበኛና የሁለት ድንጋይ ጠራቢ የቀን ሒሳብ። ሽቦው ነው የከበደን፤ ያለ እሱ ጥጉ አይታሰርም።

አዲስ አበባ ያላችሁ ሲሚንቶና ሽቦ በዓይነት ገዝታችሁ በደብረ ብርሃን በኩል በሚመጣ መኪና ብትልኩ እንመርጣለን። አሜሪካና ዓረብ አገር ያላችሁ ከየአላችሁበት አሰባስባችሁ በአንድ ሰው ስም ብትልኩ ለሐዋላም ለእኛም ይቀላል። የአቅማችሁን ስጡ፤ የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ዋጋም ቢሆን ሥራ ይሠራል። ብሩ የሚገባው በእድሩ የባንክ ሒሳብ ነው፤ ሦስት ሰው ሳይፈርም ሳንቲም አይወጣም። ደረሰኙም ወጪውም በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ይነበባል፤ ለሩቆቹ ፎቶውን እንልካለን።

ግንበኛው ጥምቀት እንዳለፈ ይጀምራል። ሽቦው ከዚያ በፊት መድረስ አለበት። የሒሳብ ቁጥሩን ከእድሩ ጸሐፊ ወይም አንኮበር ካለ ዘመዳችሁ ጠይቁ፤ ስትልኩም «ለመንገዱ» ብላችሁ ጻፉበት፣ ከእድሩ መዋጮ ጋር እንዳይቀላቀልብን።