የሥነ ጽሑፍና የንባብ ክበብ፦ ከሆልደን ጋር የተጨቃጨቅንበት ዓመት

ክበባችን ዘንድሮ ሠላሳ ገደማ አባላት ይዞ ዘልቋል። መስከረም ላይ የተመዘገበው ከዚህ በእጥፍ ይበልጥ ነበር፤ ኅዳር ገብቶ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሲጀምር ግን ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ መቆየት የሚችለውና የማይችለው ተለየ። ጋቢ ለብሶ መግባት የተፈቀደው ያኔ ነው። ርእሰ መምህራችንን ስለዚህ እናመሰግናለን።

የግድግዳ መጽሔታችን በየወሩ ወጥቷል። በሚኒ ሚዲያ በእረፍት ሰዓት ግጥም አቅርበናል፤ የድምፅ ማጉያው በደህና ቀን። ለወላጆች ቀን አጭር ድራማ ሠርተናል። በጥያቄና መልስ ውድድር የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አሸንፎናል፤ ዝርዝሩን እነሱ በራሳቸው ዘገባ በደስታ ስለሚጽፉት እኔ አልደክምበትም። የተሰጠኝን ቀሪ ገጽ ዓመቱን ሙሉ ላጨቃጨቀን መጽሐፍ ላውለው።

መጽሐፉ «ዘ ካቸር ኢን ዘ ራይ» ይባላል፤ «በእህል ማሳ ውስጥ ያዡ» እንደማለት ነው። ጄ. ዲ. ሳሊንጀር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1951፣ በእኛ በ1943 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ተራኪው ሆልደን ኮልፊልድ በ16 ዓመቱ የገጠመውን በ17 ዓመቱ ይነግረናል። ከአምስት የትምህርት ዓይነት አራቱን ወድቆ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ተባሯል። የመባረሩ ደብዳቤ እቤት ሳይደርስ ወላጆቹ ፊት ላለመቅረብ፣ ኒው ዮርክ ገብቶ ሆቴል ይይዝና እዚያው በተወለደበት ከተማ እንደ እንግዳ ይንከራተታል። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ጥቂት ቀን እንኳ አይሞላም።

ያለን ቅጂ አንድ ብቻ ነበር፤ አዲስ አበባ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የተገዛ፣ ጀርባው በፕላስተር የተያዘ። ስለዚህ እኔ እንግሊዝኛውን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ተረኛው ተማሪ በአማርኛ ይተርካል፣ የቀረው ያርማል። ከሞረትና ጅሩ የመጣው የ11ኛ ክፍል ልጅ ተራው ሲደርስ ሆልደን ቁርጥ የጅሩ ልጅ ይሆናል፤ አነጋገሩም እርግማኑም። ሆልደን የተማረበት ትምህርት ቤት ማስታወቂያው ላይ በፈረስ የሚዘል ልጅ እንዳለና እሱ ግን በአካባቢው አንድም ፈረስ አይቶ እንደማያውቅ ሲናገር፣ ይኸው ልጅ «ፈረስ ካማረው እኛ ጋ ይምጣ፣ ጋሪ ተራ ሞልቷል» ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው።

የመጀመሪያው ፍርድ የተሰጠው ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነው፦ ቀብጧል። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልጆቹ ሆልደንን እንደ ጀግና እንዳያዩት ሰግቼ ለዚያ የሚሆን ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። አላስፈለገም። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ከባሶና ወራና፣ ከአንጎለላ፣ ከመንዝ መጥተው ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቤት ይሄዳሉ፣ እሑድ ስንቃቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመው ይመለሳሉ። ድርቆሹና ቆሎው ሐሙስ ላይ ካለቀ ዓርብን ጦም ነው። እንዲህ ለሚማር ልጅ፣ አባቱ ጠበቃ ሆኖ፣ ኪሱ ውስጥ ገንዘብ እያለ «ሁሉም ነገር ያስጠላኛል» የሚል ወጣት ምን ሊመስለው ይችላል? አንዷ «ቲቸር፣ ይህ ልጅ አንድ ሳምንት እንጨት ቢለቅም ይድናል» አለችኝ።

ፍርዱ የተነቃነቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ውድቀቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.2 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ አባሎቻችን በቃላቸው ያውቁታል፤ ታላላቆቻቸው ናቸውና። ውጤት አይቶ አገር ቤት ላለመግባት ከተማ ውስጥ ቀን ሥራ እየሠራ የከረመ ወንድም ወይም ጎረቤት የሌለው የለም። ሆልደን ሆቴሉ ሲገባ አንዱ ዝም ብሎ «እሱስ ይገባኛል» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሀብታምነቱ የሚነሳው ክርክር ረገብ አለ።

ሁለተኛው መነኮሳቱ ናቸው። ሆልደን ቁርስ ቤት ውስጥ ቦርሳቸውን ይዘው የገቡ ሁለት ሴት መነኮሳት ያገኛል። እሱ እንቁላሉን ከነሥጋው ሲበላ እነሱ ቡናና የተጠበሰ ዳቦ ብቻ መያዛቸው ይከነክነዋል። 10 ዶላር ይሰጣቸዋል፣ ኋላም ምነው በጨመርኩ እያለ ይጸጸታል። ይህን ያነበብን ዕለት «ቀበጡ» የሚለው ቅጽል ቀረለት። ከእኔ ማብራሪያ ሁሉ ያቺ 10 ዶላር በለጠች።

ከዚያ ወንድሙ መጣ። ስሙ በእኛ ፊደል ሲጻፍ አሊ ስለሆነ ከሸዋ ሮቢት የመጣችው ተማሪ «የእኛ ሰው ነው» ብላ ይዛው ነበር። አሊ በ11 ዓመቱ በደም ካንሰር ሞቷል፤ ሆልደን ያኔ 13 ዓመቱ ነው። አሊ ኳስ ሜዳ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ የሚያነበው እንዳያጣ በአረንጓዴ ቀለም ግጥም የጻፈበትን የእጅ ጓንት ሆልደን እስካሁን ይዞት ይዞራል። ወንድሙ የሞተ ሌሊት ጋራዥ ገብቶ የመስኮቱን መስታወት ሁሉ በቡጢ ሰባበረ። እጁን ጎድቶ ሆስፒታል ስለነበር ቀብሩ ላይ አልተገኘም። ሳሊንጀር ይህን አንድ ቦታ ላይ አያስቀምጠውም፤ ጓንቱንና መስታወቱን አንድ ጊዜ፣ ቀብሩን ከብዙ ምዕራፍ በኋላ፣ በወሬ መሃል ጣል ያደርገዋል። እኛም ሁለቱን ያገናኘነው በጥር ወር ነው። ያገናኘችው ከኋላ የምትቀመጥ፣ ብዙም የማትናገር የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ልጁ እርሙን አላወጣም» አለች። «ሁሉም የሚያስጠላው ለዚያ ነው።»

እኔ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ጉርምስና፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለነበረችው አሜሪካ ያዘጋጀሁት ማስታወሻ ነበር። አጥፌ ኪሴ ከተትሁት።

ክርክሩ ያን ዕለት አላለቀም፣ በሚቀጥለውም ሳምንት አላለቀም። ግማሹ «እኛ ጋ ቢሆን እንዲህ አይሆንም» ባይ ነው። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ዘመድ ከሩቅ ይደርሳል፣ አርባው አለ፣ ሰማንያው አለ፤ ማንም ለብቻው መስታወት አይሰብርም። ደህና መልስ ነው፣ እኔም ልደመድምበት አስቤ ነበር። ከመንዝ የመጣው ልጅ ግን እጁን አወጣ። «ለቅሶው የትልቅ ሰው ነው፣ ቲቸር። ልጅ ሲለቀስ ወደ ጎረቤት ይላካል። ከተማ ካለህ ደግሞ አባትህን ትንሽ አሞታል ብለው ከኪራይ ቤትህ ይወስዱሃል። ድንኳኑን ከሩቅ ስታየው ነው የምታውቀው። ስትደርስ ቀብሩ አልፏል።» ስለ ማን እንደሚናገር አልጠየቅሁትም፣ ማንም አልጠየቀውም። ብቻ «እኛ ጋ ቢሆን» የሚለው ወገን ከዚያ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተከራከረው። የሆልደን ወላጆችም ሆኑ የእኛ፣ ልጅ ሐዘን አይገባውም ብሎ ከማሰብ ላይ ይገናኛሉ የሚል ሐሳብ በግድግዳ መጽሔታችን የወጣው በዚሁ ሰበብ ነው፤ ጽሑፉን ከመጽሔቱ ያነሳው ሰው ቢመልስልን ደስ ይለናል።

መጽሐፉ ስሙን ያገኘበት ቦታ ላይ ስንደርስ ሌላ ጠብ ተነሣ። ሆልደን ለትንሽ እኅቱ ለፊቢ ምን መሆን እንደሚፈልግ ይነግራታል፦ ብዙ ሺህ ልጆች በረጅም የእህል ማሳ ውስጥ ይጫወታሉ፣ ዳሩ ገደል ነው፣ እሱ አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ገደሉ የሚሮጠውን ልጅ ይይዛል። ኒው ዮርክ ላለ አንባቢ ይህ ሕልም ነው። ለእኛ ልጆች የትናንት ሥራቸው ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ ከብት ያልጠበቀ ወንድ ከመካከላችን ጥቂት ነው። የመንዙ ልጅ «እኛን ማን ያዘን? ገደሉን እያየህ ታድጋለህ፣ ትማራለህ» አለ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ታናሽ ወንድሟን ይዛ የምትከራይ፣ ለሱ አብስላ፣ አጥባ፣ የቤት ሥራውን አሠርታ የምትመጣ፣ «እሱ ሺህ ልጅ ሊይዝ ይመኛል፣ እኔ አንዱን መያዝ አቅቶኛል» ብላ አሳቀችን። ግን አልሳቀችም።

ወደ መጨረሻው ላይ ፊቢ የእንጨት ፈረስ ላይ ተቀምጣ ስትዞር፣ ልጆቹ ለጨዋታው የተሰቀለችውን የወርቅ ቀለበት ለመንጠቅ እየተንጠራሩ፣ ሆልደን እንዳትወድቅ ይሰጋል፤ ግን አይናገርም። ልጆች ቀለበቷን ልያዝ ካሉ መተው ነው፣ ከወደቁም ይውደቁ ይላል። የመንዙ ልጅ ይግባኝ የተፈረደለት ያህል ተነሥቶ ዙሪያውን አየ። ያቺው ልጅ ግን «ከእንጨት ፈረስ መውደቅና ገደል መግባት አንድ ነው እንዴ?» አለችው። በእኔ እምነት ሁለቱም መጽሐፉን በደንብ አንብበውታል፤ ሳሊንጀርም የትኛው ልክ እንደሆነ አልነገረንም።

ስለ ዳክዬዎቹም ይነሣ። ሆልደን ሐይቁ በረዶ ሲሆን ዳክዬዎቹ የት እንደሚሄዱ ባለታክሲውን ሲጠይቀው፣ ሰውየው ተናዶ ስለ ዓሦቹ ያወራለታል። የእኛዎቹ «ክንፍ አላቸው፣ ይበራሉ» ብለው በአንድ ቃል ዘጉት። ባለታክሲውን ግን ወደዱት፤ እያንዳንዳቸው እንደሱ የሚቆጣ ባለባጃጅ ያውቃሉ።

ቅሬታም ደርሶናል። የሆልደን አፍ ልጓም የለውም፤ አንድ ወላጅ «ስድብ ታስተምራላችሁ ወይ?» ብለው መጥተው ነበር። አልተሳሳቱም፣ ብዙ ይሳደባል። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ኦክላሆማ፣ ቱልሳ ከተማ ይህን መጽሐፍ ለ11ኛ ክፍል ያስነበበ መምህር ከሥራ ተባርሮ ነበር፤ ይግባኝ ብሎ ቢመለስም መጽሐፉ አልተመለሰም። እኛ የሆቴሉን ምሽት የሚተርኩትን ገጾች በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈናቸዋል። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ያቺን አንድ ቅጂ የሚዋስ ተማሪ ለምን እንደበዛ ለማስረዳት አልሞክርም። ለእንግሊዝኛ ንባብ ግን እንዲህ ያለ ቅስቀሳ አይቼ አላውቅም።

የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ «አገርኛ መጽሐፍ ጠፋ?» ብለዋል። አልጠፋም። የደብረ ሲናው ተወላጅ ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያሳተመው «አደፍርስ» እዚሁ በእኛው አገር፣ በይፋት ምድር የቆመ ልብ ወለድ ነው፤ ተማርኩ ባዩ ወጣት ከገበሬውም ከባላባቱም ሳይገጥም ሲሟገት ይውላል። ያን ትተን ኒው ዮርክ የሄድነው ክበቡ ግማሹን ጊዜ እንግሊዝኛ እንዲለማመድ ስለታሰበ ነው። አሁን ግን አደፍርስንና ሆልደንን ጎን ለጎን ማየት የሚፈልጉ አባላት አሉን።

ስለ ደራሲው ጥቂት ነግሬያቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 ተወልዶ፣ በጦርነቱ ኖርማንዲ ላይ ዘምቶ፣ መጽሐፉ ስም ካወጣለት በኋላ ኮርኒሽ የምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ገብቶ ከሰው ተለየ። ከ1965 ወዲህ አንድም አዲስ ሥራ ሳያሳትም በ2010 ዐረፈ። «ገዳም ሳይገባ መነነ» አሉት። አንዱ ግን ነገሩ አልተዋጠለትም፤ ሰው እየሸሸ የኖረ ሰው እንዴት ለዚህ ሁሉ ሰው የሚያወራ ልጅ ፈጠረ ብሎ ጠይቆኛል። ለጥያቄው መልስ ያለው መምህር ክበባችን ይጋብዘዋል።

የሴት አባላቱን አቤቱታ ሳልጽፍ ብጨርስ እዳ ይሆንብኛል። ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ አስተዋይዋ የ10 ዓመቷ ፊቢ ናት፦ ለገና ያጠራቀመችውን ገንዘብ አውጥታ ለወንድሟ የምትሰጠው፣ ሻንጣ ጎትታ «አብሬህ እሄዳለሁ» ብላ ከመጥፋት የምታስቀረው እሷ ናት። ተራኪው ግን ወንድሟ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው መጽሐፍ ሴት ልጅ የምትተርከው እንዲሆን ጠይቀዋል። «አደፍርስ ይቅደም» የሚሉት አልተስማሙም፤ ድምፅ ተሰጥቶ እኩል ወጣ። ምርጫው በመስከረም አዲስ አባላት ሲገቡ ይደገማል። እስከዚያው «አደፍርስ» እቤቱ ያለ ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ ለቤተ መጻሕፍቱ ቢያውሰን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛችን እትዬ በፊርማ ተቀብለው በፊርማ ይመልሳሉ። ሆልደንን ተውሶ ክረምቱን ይዞት የሄደው ተማሪም ራሱን ያውቃል፤ ከነፕላስተሩ ይጠበቃል።