ቢራ አይጠብቅ፣ ውስኪ አይቸኩል

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ይህችን ካላስቀደምኩ ደብዳቤውን እንደማታነብልኝ ስለማውቅ ነው እንጂ፣ በቀጥታ ወደ ወሬው ብገባ ደስ ይለኝ ነበር። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ክርክር ስንገናኝ እንጨርሰዋለን። አሁን እሱን ከጀመርን ወረቀቱ እዚያው ያልቃል።

ብዕር ያስያዘኝ የጂም ቢም፣ የዚያ የአሜሪካ ውስኪ አምራች ነገር ነው። ሰምተህ ይሆናል። በ2025 መጨረሻ ላይ፣ ኬንታኪ ክሌርሞንት ያለው ዋናው ፋብሪካቸው 2026ን ሙሉ ውስኪ እንደማያወጣ አስታወቁ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ፣ እንዳትደናገር።) ሳነበው መጀመሪያ የመጣልኝ ነገር «አሁን ይሄን ለማን ላውራ?» የሚል ነበር። ሌላው ሰው «ታዲያ ሌላ ጠጣ» ብሎ ያልፈኛል። አንተ ግን «ለምን?» ትላለህ።

ለምን መሰለህ? በርሜል በዛ። ኬንታኪ ውስጥ መጋዘን ተኝቶ ጊዜውን የሚጠብቀው በርሜል ከ16 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። የግዛቲቱ ሕዝብ አምስት ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ጡት የሚጠባውን ሕፃን ጨምረህ ብታካፍለው ለነፍስ ወከፍ ከሦስት በርሜል በላይ ይደርሳል። ለተኛው በርሜል ደግሞ በየዓመቱ ግብር አለ። በዚህ ላይ በማርች 2025 የቀረጥ ጠቡ ሲጦፍ፣ አብዛኞቹ የካናዳ ክፍለ ግዛቶች የአሜሪካን መጠጥ ከመደርደሪያ አወረዱት። ጠጪውም ራሱ ቀንሷል። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሉፕ በ2025 ሲጠይቅ አልኮል እጠጣለሁ ያለው አሜሪካዊ አዋቂ 54 በመቶ ብቻ ነው። ይህን ጥያቄ በ1939 መጠየቅ ከጀመሩ ወዲህ እንዲህ ወርዶ አያውቅም።

ውስኪ ሲፈጥረው የግምት ንግድ ነው። ዛሬ በርሜል የምትሞላው ከስድስት ወይ ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚጠጣ ሰው ነው። ያ ሰው ምን እንደሚወድ ማን ያውቃል? ምናልባት ዛሬ ገና ትምህርት ቤት ነው። ገበያው የደራ ጊዜ ሁሉም ይሞላል። የሞላው ሲደርስ ገበያው የለም።

ስኮትላንድ በዚህ አልፋለች። በ1970ዎቹ ያለ ልክ አወጡ። ከዚያ ጠጪው ፊቱን አዞረ። በ1983 ፖርት ኤለንና ብሮራን ጨምሮ ፋብሪካው ተራ በተራ ተዘጋ። ሮዝባንክ በ1993 ተከተለ። በርሜል ውስጥ የቀረው ውስኪ ግን እያረጀ፣ እያነሰ፣ እየተፈለገ ሄደ። ሲዘጉ ዞር ብሎ ያላያቸው ሁሉ ቆይቶ ጠርሙሱን በጨረታ ይሻማበት ጀመር። ብሮራ በ2021፣ ሮዝባንክ በ2023፣ ፖርት ኤለን በ2024 እንደገና ማውጣት ጀመሩ። ፖርት ኤለን አርባ ዓመት ከቆመ በኋላ ማለት ነው!

የጃፓኖቹ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ማሳታካ ታኬትሱሩ የሚባል ወጣት በ1918 ስኮትላንድ ወርዶ ሙያውን ተምሮ እንደተመለሰ፣ ያማዛኪ የሚባለው የውስኪ ፋብሪካ በ1923 እንደተመሠረተ ድሮ አውርተናል። ከ1980ዎቹ ወዲህ አገሩ ውስጥ ውስኪ የሚጠጣ ሲጠፋ ፋብሪካዎቹ ማውጣቱን ቀነሱ። ማን ይፈርድባቸዋል? ከዚያ ዓለም በአንድ ጊዜ የጃፓን ውስኪ ካልጠጣሁ አለ። በ2018 ሰንቶሪ የተባለው አምራች የ12 ዓመቱን ሀኩሹንና የ17 ዓመቱን ሂቢኪን መሸጥ አቆመ። ያረጀ ውስኪ አልቆ ነው። ብር ብትከምርለት የ17 ዓመት ውስኪ በ17 ዓመቱ ነው የሚደርሰው።

ስለዚህ የክሌርሞንቱን ወሬ እንደ መርዶ አላየሁትም። አሁን የተኛው በርሜል እየበሰለ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ የቆየ ጥሩ ቦርቦን (ያ ከበቆሎ የሚወጣው የአሜሪካ ውስኪ) እንደልብ የምናገኝበት ጊዜ የሚመጣ ይመስለኛል። የሠራተኛው ነገር ግን ያሳዝናል። ሌላው ውስኪ አምራች ብራውን ፎርማን በ2025 መጀመሪያ ላይ ሉዊቪል ያለውን የራሱን የበርሜል ፋብሪካ እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ፣ ከሠራተኛው 12 በመቶ ያህሉን እንደሚቀንስ አብሮ ነው የተናገረው። በርሜል መሥራት በቀላሉ የሚለመድ ሙያ አይደለም።

እሺ፣ ከወሬው ወጣ ልበልና አንድ ነገር ልንገርህ። ውስኪ ላይ ውሃ ጠብ ማድረግ ነውር ነው የሚሉ ሰዎችን ታውቃቸዋለህ። አፍንጫቸውን ነፍተው የሚያወሩትን ማለቴ ነው። በ2017 ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች ጉዳዩን በኮምፒውተር ሞዴል ፈትሸውት ነበር። ጓያኮል የሚባል፣ ለጭስ ጭስ ጣዕሙ ምክንያት ከሆኑት አንዱ የሆነ ንጥረ ነገር አለ። አልኮሉ ሲበዛ ጓያኮሉን ከቦ ወደ ውስጥ ይይዘዋል። ውሃ ሲጨመር ወደ ላይኛው ገጽ ይወጣል። አፍንጫህ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ራስህ ሞክረው። መጀመሪያ ሳትነካው አሽትት። አፍንጫህን ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር ይቀድማል። ከዚያ በማንኪያ ጫፍ ጥቂት ጠብታ ጣል አድርግበት። ብርጭቆውን ወደ መብራት ብታነሳው ውሃው ውስኪው ውስጥ ሲገባ እንደ ቀጭን ዘይት እየተጠማዘዘ ይታይሃል። ትንሽ ታገሰው። ቀጥሎ ስታሸትተው መቆንጠጡ ይቀንስና ሥር ተደብቆ የነበረው ይመጣል። ጭስ ያለው ከሆነ ጭሱ፣ ሼሪ የሚባል ወይን ጠጅ ከነበረበት በርሜል የወጣ ከሆነ የዘቢቡ ሽታ። ሁሉም ውስኪ እሺ አይልም። አንዳንዱ ውሃ ሲነካው ሙትት ይላል። ግን ሳይሞክሩ ነውር ነው ማለት ምንድን ነው?

ቢራ ግን ጋዜጣ ነው። ትኩሱን ካላገኘኸው ባታነበው ይሻላል።

የክራፍት ቢራ ሰዎች፣ ማለትም ትንንሾቹ ጠማቂዎች፣ ይህን ያውቁ ነበር። የካሊፎርኒያው መጥመቂያ ስቶን በ2012 «እስከዚህ ቀን ጠጡት» ብሎ ቀኑን በትልቁ የቢራው ስም ያደረገበት አይፒኤ፣ ሆፕስ የበዛበት መራራ ቢራ፣ አወጣ። ቀልድ አልነበረም። የሆፕሱ (ቢራውን የሚያመርርና ሽታ የሚሰጥ አበባ ነው) ሽታ፣ ያ የሎሚና የጥድ ነገር፣ ኦክስጅን ሲያገኘው ይሞታል። ጭጋጋማ የሚባለው አይፒኤ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ሲወለድ የማንጎ ጭማቂ ይመስላል፣ ወር ሁለት ወር ሙቀት ላይ ከቆየ ቀለሙ ይጠቁርና የረጠበ ካርቶን ካርቶን ይላል። ይህን ቢራ ነው እንግዲህ ባሕር አሻግረው፣ ባልቀዘቀዘ መጋዘን አሳድረው፣ በደመቀ መብራት ሥር ደርድረው የሚሸጡልህ። ከዚያ አንተ «ክራፍት ቢራ አይጥመኝም» ትላለህ። ብለሃልም። ያን ቀን የቀመስከው ቢራ ሳይሆን የቢራ ሬሳ ነበር።

መብራቱን በዋዛ አትየው። አረንጓዴ ጠርሙስ ያለው ቢራ ሁለት ግዛ። አንዱን ፀሐይ ላይ አቁመው፣ ሌላውን ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቀው። ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም አቀዝቅዘህ ቅዳቸው። ቀለማቸው አንድ ነው። አረፋቸው አንድ ነው። ፀሐይ የመታውን ግን ወደ አፍንጫህ ስታስጠጋ ትሸሻለህ። ብርሃኑ ከሆፕስ የመጣውን መራራ ንጥረ ነገር ሰብሮ ድኝ ካለበት ሌላ ነገር ጋር ያጋጥመዋል። የሚፈጠረው ሽታ እጅግ በጥቂቱ እንኳ ይታወቃል። ቡናማ ጠርሙስ አብዛኛውን ይከላከላል። ጣሳ ደግሞ ጨርሶ አያስገባም። ጣሳ የርካሽ ነው የሚለውን ወሬ ከዛሬ ጀምሮ ተወው።

የአንከርን ነገር ሰምተሃል? የሳን ፍራንሲስኮው መጥመቂያ፣ ከ1896 ጀምሮ የነበረው። በ1965 ሊዘጋ ሲል ፍሪትዝ ሜይታግ ገዝቶ ያዳነው። ክራፍት ቢራ የሚባለው ነገር ሁሉ ዘሩ ሲቆጠር እዚያ ይደርሳል። ያኔ በአሜሪካ ክራፍት ጠማቂ ብትፈልግ እሱን ነው የምታገኘው። ሜይታግ ቢራው አልበቃ ብሎት በ1990ዎቹ የአጃ ውስኪም ማውጣት ጀምሮ ነበር። ለነገሩ ውስኪ ማለት ሆፕስ ያልገባበት ቢራ በመዳብ ጋን ተንኖ የወጣ ነው፣ ሩቅ አልሄደም። የጃፓኑ ሳፖሮ በ2017 አንከርን ገዛው፣ በጁላይ 2023 ዘጋው። በ2024 ሀምዲ ኡሉካያ፣ ያ የቾባኒ እርጎ ባለቤት፣ ገዛውና ተስፋ ሰጠ። ስቶንንም በ2022 የገዛው ያው ሳፖሮ ነው።

አንከር ብቻ አይደለም። በ2024 አሜሪካ ውስጥ 430 መጥመቂያዎች ሲከፈቱ 529 ተዘጉ። የሚዘጋው ከሚከፈተው ሲበልጥ ከ2005 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሰዉ «ክራፍት ቢራ አለቀለት» ይላል። እኔ አይመስለኝም። በ1970ዎቹ መጨረሻ አገሪቱ በሙሉ መቶ መጥመቂያ አልነበራትም። አሁን ከዘጠኝ ሺህ በላይ አሉ። ያ ሁሉ ጠማቂ አንድ ዓይነት ጭጋጋም አይፒኤ እየጠመቀ ሩቅ አገር ሊሸጥ ሲሞክር መጣበቡ አይቀርም። የሚተርፈው በደጁ የሚቀዳው ነው ባይ ነኝ። ማስቲካ ማስቲካ የሚል ጎምዛዛ ቢራ ሲሠራ የነበረው ከተዘጋ ደግሞ አላለቅስለትም። ይቅርታ አድርግልኝ።

ቢራ ሁሉ አይጠብቅም ማለቴም አይደለም። ኦርቫልን ውሰድ። በቤልጂየም ገዳም የሚጠመቅ ቢራ ነው፣ ብሬታኖማይሲስ የሚባል እርሾ ይጨመርበታል። ትኩሱ ሆፕስ ሆፕስ ይላል። ዓመት የቆየው ይደርቅና የቆዳ፣ የጋጣ ሽታ ያመጣል። (በደግ ነው የምለው!) ጎዝ የሚባለው ደግሞ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ላምቢክ (በአየር ላይ ባለ እርሾ የሚብላላ የቤልጂየም ቢራ) ተደባልቆ ነው የሚሠራው። ጠማቂው ከውስኪ ሰዎች እኩል ትዕግሥት ይጠይቀዋል።

አዲስ የሚከፈቱት ትንንሽ ውስኪ ቤቶችስ እስኪደርስላቸው በምን ይኖራሉ? ብዙዎቹ በጂን፣ በዚያ በጥድ ፍሬ በሚጣፍጠው መጠጥ። ስኮች (የስኮትላንድ ውስኪ) ለመባል ቢያንስ ሦስት ዓመት የኦክ በርሜል ውስጥ መተኛት ግድ ነው። ጂን ግን ዛሬ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ይሸጣል። ለንደን ላይ በ2009 የተከፈተው ጂን አውጪ ሲፕስሚዝ ፈቃድ ለማግኘት ከመንግሥት ጋር ብዙ ታግሏል። ከ1,800 ሊትር በታች ለሆነ ማውጫ ጋን ፈቃድ አይሰጥም ነበር። እነሱ በሩን ካስከፈቱ በኋላ ከኋላ የተከተለውን ጂን ቁጠረው ብትለኝ አልችልም። መካከለኛው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥድ በተለያየ ጠርሙስ ነው።

እኔ ራሴ ቀንሻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ለጤና ደህና የሚባል የአልኮል መጠን የለም ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። አልከራከረውም። ያነሰ እጠጣለሁ፣ የተሻለውን እመርጣለሁ፣ በመካከል አልኮል አልባ ቢራ ጣል አደርጋለሁ። አትሳቅ! ያ የድሮው፣ ጥሬ ብቅል ብቅል የሚለው አይደለም። አሁን ቢራውን በወጉ ጠምቀው አልኮሉን በቫኪዩም ዝቅ ባለ ሙቀት ያተኑታል፣ ወይም በቀዝቃዛ ማጣሪያ ያወጡታል። በ2017 የተመሠረተው አትሌቲክ የተባለ መጥመቂያ አልኮል አልባ ብቻ እየጠመቀ ትልቅ ስም ሆኗል። አልኮል አልባው ጊነስ 0.0 ደግሞ አረፋው ራሱ ያሳስታል። አካሉ ትንሽ ሳሳ ይላል እንጂ ቡና ቡና የሚለው የተቆላ ገብስ እዚያው አለ።

አላምንም እንደምትል አውቃለሁ። ስንገናኝ ዓይንህን አስሬ አልኮል ያለውንና የሌለውን ጊነስ እቀዳልሃለሁ። የቱ የቱ እንደሆነ ከለየህ የምትመርጠውን የስኮች ጠርሙስ እኔ እገዛለሁ። ካልለየህ አንተ ትገዛለህ፣ ምርጫው ደግሞ የኔ ነው።

እስከዚያው ጻፍልኝ። ፍሪጅህ ውስጥ ያለውን ቢራ ገልብጠህ ሥሩ ላይ ያለውን ቀን አይተህ ንገረኝ። አይፒኤ ሆኖ ስድስት ወር ያለፈው ከሆነ ግን አትንገረኝ፣ ድፋው።

ያንተው ወዳጅ