«ስፖርት ይሥሩ» ማለት ስንት ደቂቃ ነው? ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፣

ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 67። ግፊት አለብኝ። ስኳሬም «ጫፍ ላይ ደርሷል» ተብያለሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጤና ጣቢያ በየሦስት ወሩ እመላለሳለሁ። የኪኒኑ ፓኮ ላይ ሁሉም ነገር ተጽፎ ይሰጠኛል፦ ስንት ፍሬ፣ ጠዋት ወይስ ማታ፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ። ልወጣ ስል ደግሞ «እማማ፣ ስፖርትም ይሥሩ» ይሉኛል። እሺ እላለሁ። በሩ ላይ ስደርስ ግን ግራ ይገባኛል። ምን ልሥራ? ገመድ ልዝለል?

ሐኪሞቹን አልወቅስም። ከኋላዬ አግዳሚው ሙሉ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አለ።

መልሱን ያገኘሁት ነርስ ከሆነችው የእህቴ ልጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመት ለሞላንም ቢሆን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ በሳምንት 5 ቀን ማለት ነው። ልኩ እያወሩ መሄድ የሚቻልበት፣ መዘመር ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። (ሞክሬዋለሁ፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ።) በዚያ ላይ በሳምንት 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር፣ 3 ቀን ደግሞ ከመውደቅ የሚያድን የሚዛን ልምምድ አለ። እጅን ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ እንኳ ይቆጠራል። ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር ይስባል። ከምሳ በኋላ ጋደም ከማለት ወጣ ብሎ መመለስ የሚሻለው ለዚህ ነው። ይህ ሁሉ ሦስት ደቂቃ የማይፈጅ ወሬ ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። እንቅስቃሴም እንደ ኪኒን ካርዳችን ላይ ይጻፍ። ስንት ደቂቃ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ ምን ዓይነት። ጉልበቷን ለሚያማት ጎረቤቴና ለእኔ አንድ ዓይነት አይታዘዝም። መቼ እንደምናቆምም ይጻፍ፦ ደረት ሲጨንቅ፣ ራስ ሲያዞር። ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ስኳራቸው መንገድ ላይ ሊወርድባቸው ስለሚችል ከረሜላ ኪሳቸው እንዲይዙ ይነገራቸው። በቀጣዩ ቀጠሮ ግፊት እየተለካ «ስንት ቀን ተራመዱ?» ተብሎ ይጠየቅ። አስተማሪ ነበርኩና አውቃለሁ፤ የማይታረም የቤት ሥራ ማንም አይሠራውም።

የሰው ኃይል የለም እንዳትሉኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ስንቱን ሽንት ቤት አስቆፍረዋል፣ ስንቱን ሕፃን አስከትበዋል። እነሱው ወገባችንን በሜትር ቢለኩ፣ የወንበሯን ልምምድ ቢያሳዩን ምን ይከብዳል? ሜትሩ ከልብስ ሰፊም አይጠፋ።

ቀጣዩ ቀጠሮዬ ኅዳር ላይ ነው። ካርዴ ላይ ከኪኒኑ ስም ሥር ባዶ መስመር አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የአዲስ አበባ ጡረተኛ